ስለ ዋና ዕቃዎችና ስለ አጠባበቃቸው

ውኃ ለሰው ልጅ ኑሮ እጅግ አስፈላጊ ነገር ነው። ሰው ይጠጣዋል፤ ይታጠብበታል፤ እርሻውን ያጠጣበታል፤ በጀልባም ሆኖ ይሻገረዋል። ይኸው ውኃ ግን ጠባዩን ለማያውቅ ሰው ብርቱ ጠላት ይሆንበታል። አባቶች «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ያሉት ስለዚህ ነው። ከዳር ሆነው ሲያዩት ጸጥ ያለና ጥልቀት የሌለው ይመስላል። ልጅም እየሳቀ አንድ እርምጃ ይገባል፤ ሁለተኛም ይጨምራል፤ ሦስተኛው እርምጃ ግን መሬት አያገኝም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገለጠው፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2021 በዓለም ሁሉ በውኃ ሰጥመው የሞቱት ሰዎች ወደ 300,000 ይገመታሉ። ከነዚህም አንድ አራተኛ የሚያህሉት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ነበሩ።

ስለዚህ ሰው ከጥንት ጀምሮ ዋናን ይማር ነበር፤ በውኃም ላይ የሚረዳውን ዕቃ ያበጅ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ9ኛው መቶ ዓመት የነገሠው የአሦር ንጉሥ ዳግማዊ አሹርናሲርፓል በቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ ብዙ ሥዕል አስቀርጾ ነበር። በአንዱ ሥዕል ላይ ወታደሮች በትንፋሽ የተነፋ የእንስሳ ቆዳ አቅፈው ወንዝ ሲሻገሩ ይታያሉ። ያ የተቀረጸ ድንጋይ ዛሬ በሎንዶን ከተማ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ከዚያ ዘመን ወዲህ የዋና ዕቃ በዓይነቱ በዝቷል። ነገር ግን አንድ ሕግ አልተለወጠም፤ ይኸውም ዕቃ የሚረዳው አጠቃቀሙን አስቀድሞ ያወቀውንና በጥንቃቄ የጠበቀውን ሰው ነው።

ውኃ ሰውን እንዴት እንደሚሸከም

ድንጋይ በውኃ ላይ ሲጣል ይሰጥማል፤ ደረቅ እንጨት ግን ይንሳፈፋል። ምክንያቱም ድንጋይ በመጠን ከሚተካከለው ውኃ ይልቅ ይከብዳል፤ ደረቅ እንጨት ግን ይቀላል። የሰው ገላ ክብደት በመጠን ከሚተካከለው ውኃ ክብደት ብዙ አይለይም። ብዙ ሰው ሳንባውን አየር ሲመላው ይንሳፈፋል፤ አየሩን ሲያወጣው ዝቅ ይላል። ስለዚህ የአንድ ጎልማሳ ራስ ከውኃ በላይ እንዲቆይ ከ3 እስከ 5 ኪሎ የሚያህል የማንሣት ኃይል ይበቃዋል። ይህን ኃይል የሚሰጥ ዕቃ መንሳፈፊያ ይባላል።

ከጥንት መንሳፈፊያዎች አንዱ ቡሽ ነው። ቡሽ በፖርቱጋልና በእስፓንያ ከሚበቅል ከአንድ ዓይነት ዛፍ ቅርፊት ይገኛል፤ በውስጡም አየር የያዙ እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች ስላሉት ክብደቱ የውኃን ሩብ ያህል ነው። በአገራችንም በጣና ሐይቅ ዳር የሚኖሩ ሰዎች ደንገል ከሚባለው የውኃ ተክል ታንኳ ያበጃሉ። የደንገል አገዳ ውስጡ አየር የመላበት ስለ ሆነ ሰውንና ጭነትን ይሸከማል። ነገር ግን ታንኳው በውኃ ላይ ብዙ ሲቆይ ውኃ ይጠጣል፤ ይከብዳልም። ስለዚህ ባለቤቱ ሥራውን ሲፈጽም ከውኃ አውጥቶ ያደርቀዋል።

ይህን ታንኳ ያስተዋለ ተማሪ የመንሳፈፊያን ጠባይ ሁሉ ሊያውቅ ይችላል። የሚያነሣው በውስጡ ያለው አየር ነው፤ አየሩ ወጥቶ ውኃ ከገባበት ያው ዕቃ ሸክም ይሆናል።

ከዕቃ አስቀድሞ የሚማሩት ነገር

ቤንጃሚን ፍራንክሊን የሚባለው ሊቅ በ1706 በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ተወለደ። ቤትን ከመብረቅ የሚጠብቀውን የብረት ዘንግ የፈለሰፈ እርሱ ነው። በልጅነቱም ብርቱ ዋናተኛ ነበረ። ካደገ በኋላ ዋና ለመማር ለወደደ ለአንድ ወዳጁ ደብዳቤ ጽፎ፥ ገንዘብ የማያስወጣ አንድ ትምህርት አስተማረው።

ትምህርቱም እንዲህ ነው። ተማሪው ቀስ በቀስ እየጠለቀ ወደሚሄድ ንጹሕ ውኃ ይገባል። ውኃው እስከ ደረቱ ሲደርስ ፊቱን ወደ ዳር ይመልሳል፤ አንድ እንቁላልም በራሱና በዳሩ መካከል ይጥላል። እንቁላሉ ወደ ታች ይወርዳል፤ ውኃው የጠራ ስለ ሆነም ከላይ ሆኖ ይታያል። ከዚያ በኋላ ተማሪው ዓይኑን ሳይከድን ዝቅ ብሎ እንቁላሉን ሊያነሣ ይሞክራል። ያን ጊዜ ውኃው ወደ ላይ እየገፋ እንደ ልቡ እንዳይወርድ ይከለክለዋል። እሰጥማለሁ እያለ ይፈራ የነበረው ሰው ወደ ታች መውረድ የሚያደክም ሥራ መሆኑን በዚህ ይረዳል። ፊቱም ወደ ዳር ስለ ሆነ በሄደ መጠን ውኃው እየጎደለለት ይሄዳል።

ፍራንክሊን ቡሽና በትንፋሽ የተነፋ ፊኛ ለጀማሪ ጥቂት ሊረዱት እንደሚችሉ አልካደም። ነገር ግን ሰው ውኃ እንደሚሸከመው እስኪያምን ድረስ ዋናተኛ እንደማይሆን አስረዳ። ይህም «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ከሚለው ከአገራችን ምሳሌ ጋር ይስማማል።

ሆኖም ይህን ትምህርት ልጅ ብቻውን ሊያደርገው አይገባም። ዋና የሚያውቅ ታላቅ ሰው በአጠገቡ ሊቆም ይገባል፤ የውኃውም ጥልቀት አስቀድሞ የታወቀ መሆን አለበት። በክረምት በሞላ ወንዝና አዞ በሚኖርበት ሐይቅ ግን ማናቸውም ዕቃ ቢኖር መግባት አይገባም።

ለመማሪያ የሚሆኑ ዕቃዎች

ልብስ። የዋና ልብስ ከገላ ጋር የሚጣበቅ፥ ቀላልና ውኃ የማይጠጣ መሆን አለበት። ጋቢ ወይም ወፍራም ካፖርት ውኃ ሲጠጣ እጅግ ይከብዳል፤ ክንድንና እግርንም ያስራል።

ቆብ። ከጎማ ወይም ከሲሊኮን የተሠራው ቆብ ጠጕር በዓይንና በአፍ ላይ እንዳይወድቅ ይከለክላል። ደማቅ ቀለም ያለው ቆብ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ ጠባቂው የልጁን ራስ ከሩቅ ለይቶ ያይበታል። ቆብ ውኃን ከጆሮና ከጠጕር ፈጽሞ አያግድም።

መነጽር። የሰው ዓይን የተፈጠረው በአየር ውስጥ እንዲያይ ነው፤ ውኃ በቀጥታ ሲነካው ሁሉም ነገር ይደበዝዝበታል። የዋና መነጽር በዓይንና በውኃ መካከል ጥቂት አየር ስለሚይዝ ነገሩን አጥርቶ ያሳያል። ሲደረግ አስቀድሞ በዓይን ላይ ይገጠማል፤ ከዚያ ላስቲኩ ወደ ኋላ ይሳባል። ሲወልቅም ላስቲኩ ከኋላ በኩል ይነሣል። መነጽሩን ወደ ፊት የጎተተው ልጅ ከእጁ ቢያመልጠው ተመልሶ ዓይኑን ይመታዋል። አፍንጫን የማይሸፍን መነጽር በጥልቅ ውኃ ለመጥለቅ አይሆንም፤ የውኃው ክብደት በዓይን ላይ ይጫነዋልና።

ተንሳፋፊ ሰሌዳ። ይህ ሰሌዳ ቀላል ከሆነ ፕላስቲክ ይሠራል፤ የእግርንም ሥራ ያስተምራል። ተማሪው ሰሌዳውን በሁለት እጁ ይዞ ክንዱን ወደ ፊት ይዘረጋል፤ በደረቱም በውኃ ላይ ይጋደማል። እግሩን ከጉልበቱ ሳይሆን ከዳሌው ጀምሮ በተራ በተራ ያንቀሳቅሳል። ፊቱን በውኃ ውስጥ ሲያገባ ትንፋሹን ቀስ እያለ ያወጣል፤ ፊቱን ሲያወጣ አየር ይስባል። ትንፋሹን አፍኖ የሚይዝ ጀማሪ ቶሎ ይደክማል። ሌላም በጭን መካከል የሚያዝ ትንሽ መንሳፈፊያ አለ፤ እርሱ እግርን ደግፎ ስለሚይዝ ተማሪው ክንዱን ብቻ ያሠለጥናል።

የእጅ መቅዘፊያና የእግር መቅዘፊያ። ፍራንክሊን በልጅነቱ ርዝመታቸው 25 ሳንቲሜትር፥ ወርዳቸውም 15 ሳንቲሜትር የሚያህል ሁለት ቀጫጭን ሰሌዳዎች ሠርቶ ነበር፤ ለአውራ ጣቱም ማግቢያ ቀዳዳ አበጀላቸው። በነርሱ ሲቀዝፍ ፈጥኖ ዋኘ፤ ነገር ግን የእጁ አንጓ ደከመበት። ዛሬም የእጅ መቅዘፊያና እንደ ዳክዬ እግር የሰፋ የጎማ መቅዘፊያ በገበያ አለ። እነዚህ ፍጥነትን ይጨምራሉ፤ የጀማሪ ዕቃ ግን አይደሉም፤ ዋናን አስቀድሞ ላወቀና ጡንቻው ለበረታ ሰው ይሆናሉ።

በትንፋሽ የሚነፋ የክንድ መንሳፈፊያ። ሕፃናት በክንዳቸው የሚያደርጉት ይህ ዕቃ በመርፌ ጫፍ ሊበሳ፥ ከክንድም ሊንሸራተት ይችላል። ስለዚህ እንደ መጫወቻ እንጂ እንደ ጠባቂ አይቈጠርም። ይህን ያደረገ ሕፃን የአሳዳጊው እጅ ከሚደርስበት ስፍራ ሊርቅ አይገባውም።

ለማዳኛ የሚሆኑ ዕቃዎች

በ1854 ጆን ሮስ ዋርድ የሚባል የእንግሊዝ የባሕር መኰንን ለነፍስ አድን ጀልባ ቀዛፊዎች የቡሽ ሰደርያ አበጀ። በሸራ ላይ የቡሽ ቁርጥራጮች በረድፍ ተሰፍተውበት በደረትና በጀርባ ላይ የሚታሰር ነበረ።

የካቲት 9 ቀን 1861 በአውሮፓ አቆጣጠር በእንግሊዝ ምሥራቃዊ ጠረፍ ብርቱ ማዕበል ተነሣ፤ ብዙ መርከቦችም ተሰበሩ። በዊትቢ ከተማ የነበሩት 13 ቀዛፊዎች የነፍስ አድን ጀልባቸውን ይዘው በአንድ ቀን አምስት ጊዜ ወጡ፤ ሰዎችንም አዳኑ። ስድስተኛ ጊዜ ሲወጡ ግን ማዕበሉ ጀልባቸውን ገለበጠው። ከነርሱ 12ቱ ሰጠሙ። የዳነው ሄንሪ ፍሪማን ብቻ ነበረ፤ አዲሱን የቡሽ ሰደርያ የለበሰ እርሱ ነበረና። ፍሪማን ከሞት ካመለጠ በኋላ ባሕሩን ሸሽቶ አልቀረም። የነፍስ አድን ጀልባ አለቃ ሆኖ ከ20 ዓመት በላይ አገለገለ፤ ብዙ ሰዎችንም ከሞት አወጣ።

ዛሬ ይህ ሰደርያ ላይፍ ጃኬት ይባላል፤ በቡሽም ፋንታ አየር የያዘ ቀላል ፕላስቲክ ይሰፋበታል። ልኩ የሚመረጠው በለባሹ ክብደት ነው። ዘለበቱ ሁሉ ከታሰረ በኋላ ሌላ ሰው ሰደርያውን ከትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው፤ እስከ ጆሮ ድረስ ከወጣ ሰፊ ነውና በትንሽ ይለወጥ። የሚለበስበትም ጊዜ ጀልባ ላይ ከመውጣት በፊት ነው። ጀልባ ከተገለበጠ በኋላ በማዕበል መካከል ሰደርያ መልበስ እጅግ ያስቸግራል፤ በጀልባው ወለል ላይ ተጥሎ የቀረ ሰደርያም ማንንም አያድንም።

ሌላው የማዳኛ ዕቃ ገመድ የታሰረበት ተንሳፋፊ ቀለበት ነው። አዳኙ በዳር ቆሞ የገመዱን ጫፍ በእግሩ ይረግጣል። ቀለበቱንም ከሚሰጥመው ሰው ጥቂት አልፎ እንዲወድቅ ይወረውረዋል፤ ከዚያ ገመዱን እየሳበ እጁ ድረስ ያቀርብለታል።

ልጅ ግን ጓደኛው ሲሰጥም ቢያይ ምን ያድርግ? የሚሰጥም ሰው ብዙ ጊዜ አይጮኽም፤ አፉ ውኃ ውስጥ እየገባና እየወጣ ስለሆነ የሚጮኽበት ትንፋሽ የለውም። ስለዚህ ያየው ልጅ በእርሱ ፋንታ ይጩኽለት፤ ታላላቆችንም ይጥራ። ከዚያ በዳር በደረቱ ተኝቶ ረጅም ዱላ ወይም ነጠላ ያቀብለው። ካልደረሰለት ክዳኑ በደንብ የተገጠመ ባዶ ጀሪካን ይወርውርለት፤ ባዶ ጀሪካን አየር የመላበት ስለ ሆነ መልካም መንሳፈፊያ ነው። ዘሎ ግን አይግባ። የሚሰጥም ሰው ያገኘውን ሁሉ አንቆ ይይዛል፤ አንዱን ሊያድን የገባውም ልጅ ሁለተኛ ሟች ይሆናል። ይህን የሚያደርግ ልጅ ፈሪ አይባልም፤ አስተዋይ ይባላል።

የታመነ ዕቃ ሲከዳ

ፍሪማን በቡሽ ሰደርያ ከዳነ ከ43 ዓመት በኋላ፥ ሰኔ 15 ቀን 1904 በአውሮፓ አቆጣጠር፥ በአሜሪካ በኒውዮርክ ከተማ ጄኔራል ስሎከም የተባለ መርከብ ወደ 1,350 የሚያህሉ ሰዎች አሳፍሮ ለሽርሽር ተነሣ። አብዛኞቹ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን የሆኑ እናቶችና ልጆች ነበሩ። መርከቡ በኢስት ሪቨር ላይ ሲሄድ እሳት ተነሣበት። ሠራተኞቹ የእሳት ማጥፊያውን ቱቦ ዘረጉ፤ ቱቦው ግን በስብሶ ስለ ነበረ ውኃ ሲገባበት ተቀደደ።

ያን ጊዜ እናቶች ወደ ቡሽ ሰደርያዎቹ ሮጡ። በመርከቡ ላይ ሰደርያ አልጠፋም ነበር። ነገር ግን ሰደርያዎቹ ለ13 ዓመት ያህል በተሰቀሉበት ስፍራ ቆይተው ነበር። ሸራቸው በእጅ ሲነካ ይቀደድ ነበር፤ ቡሻቸውም ወደ ትቢያ ተለውጦ ነበር። የቡሽ ትቢያ አየር አይዝም፤ ውኃ ይጠጣል እንጂ። እናቶች ይህን አላወቁም። ልጆቻቸውን ሰደርያ አለበሱ፤ ማሰሪያውንም አጠበቁ፤ ይድናሉ ብለውም ወደ ውኃ ጣሏቸው። ልጆቹም በዓይናቸው ፊት ሰጠሙ። በዚያ ቀን ከ1,000 በላይ ሰዎች ሞቱ።

ከአደጋው ጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ መርማሪ በመርከቡ ላይ ወጥቶ ነበር፤ ዕቃው ሁሉ ደኅና ነው ብሎም ፈርሞ ነበር። የመርከቡ አለቃ በ1906 በቸልተኝነት ጥፋት 10 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ሕጉም ከአደጋው በኋላ ጠበቀ። ይህ ሁሉ ግን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ሆነ፤ የሞቱትን አልመለሰም።

እንግዲህ ሁለቱን ታሪክ እናስተያይ። ፍሪማንን ያዳነው ቡሽ ነበረ፤ በኒውዮርክ እናቶችን የከዳውም ቡሽ ነበረ። ዕቃው በስሙም በመልኩም አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ የጠባቂው ትጋት ነው።

ዕቃ እንዴት እንደሚጠበቅ

የዋና ዕቃ ከውኃ ሲወጣ በንጹሕ ውኃ ይታጠባል፤ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ስፍራም ይደርቃል። ብርቱ ፀሐይ ጎማንና ጨርቅን ያደክማል። እርጥብ ሆኖ የታጠፈ ዕቃ ይሻግታል። ላይፍ ጃኬት እንደ ትራስ አይቀመጡበትም፤ ክብደት ሲጫነው በውስጡ ያለው ፕላስቲክ ይጨፈለቃል፤ የማንሣት ኃይሉም ይቀንሳል። ከመልበስ በፊት ስፌቱ፥ ማሰሪያውና ዘለበቱ በእጅ እየተሳበ ይመረመራል። ወደ ጥልቅ ውኃም ከመሄድ በፊት በዳር፥ ታላቅ ሰው ባለበት፥ ዕቃው በውኃ ላይ ይፈተናል።

የተበላሸው ዕቃ ደግሞ ተቈራርጦ ይጣላል እንጂ ወደ መስቀያው አይመለስም። የተበላሸ ዕቃ ካልነበረ ዕቃ ይከፋልና። የሌለውን ዕቃ ማንም አያምነውም፤ የተሰቀለውን ግን ሰው አምኖ ሕይወቱን ይሰጠዋል።

ይህም ትምህርት ለዋና ብቻ አይደለም። በትምህርት ቤት ዕቃን እንዲጠብቅ የታዘዘ ተማሪ፥ ማንም ሳያየው ገመዱን ስቦ የሚፈትን ከሆነ፥ ስሙን የማያውቅ ሰው ሕይወት ሊያድን ይችላል። ሳያይ «አይቻለሁ» የሚል ግን በመርከቡ ላይ እንደ ፈረመው መርማሪ ነው። ዕቃውን ያልጠበቀ ሰው በዕቃው አይጠበቅም።

ጥያቄዎች

1. የደንገል ታንኳ ባለቤት ታንኳውን ከውኃ አውጥቶ የሚያደርቀው ስለ ምንድር ነው?
2. ፍራንክሊን በእንቁላሉ ያስተማረው ትምህርት ምንድር ነው? ተማሪው ፊቱን ወደ ዳር የሚመልሰውስ ስለ ምንድር ነው?
3. ላይፍ ጃኬት ልክ መሆኑ እንዴት ይታወቃል? መቼስ ይለበሳል?
4. ጓደኛው ሲሰጥም ያየ ልጅ አስቀድሞ ምን ያደርጋል? ዘሎ እንዳይገባ የሚከለከለውስ ስለ ምንድር ነው?
5. በ1861 ያዳነው ቡሽ በ1904 ያላዳነው ስለ ምንድር ነው?
6. በቤትህ ወይም በትምህርት ቤትህ ሰው የሚያምነው ነገር ግን ከተሰቀለ ጀምሮ ማንም ያልመረመረው ዕቃ አለን?